የወረደ የፊት ሰብፍሬም ሲመለስ፦ ስለ ቡሎኑ፣ ስለ አገጣጠሙና ስለ አላይመንቱ የተሰጠ ምላሽ

ከሐይቅ ከተማ የደረሰን የአንድ መኪና ባለቤት ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ነው። የ2008 ሥሪት ቶዮታ ቪትዝ አላቸው። ከደላንታ ሲመለሱ መንገድ ላይ የወደቀ ድንጋይ ከሥር አግኝቷቸው የመኪናዋ የፊት ሰብፍሬም፣ ማለትም የፊት እግሯን ከሥር የሚሸከመው ብረት፣ በግራ በኩል ተጣመመ። መኪናዋ ደሴ ጋራዥ ገብታ ሰብፍሬሙ ከነመሪ ሳጥኑና ከነሎወር አርሞቹ፣ ማለትም ጎማዎቹን ከታች ከሚይዙት ክንዶች ጋር፣ ወርዷል፤ በምትኩም ያገለገለ ሰብፍሬም ተገዝቷል። መካኒኩ «መኪናዋ እንደተሰቀለች ሁሉንም አጥብቄ አስረክብዎታለሁ፣ የቀረውን አላይመንት ያስተካክለዋል» ብሏቸዋል፤ አላይመንት የጎማዎቹን አቀማመጥ በማሽን ለክቶ ማስተካከል ነው። ከአሮጌዎቹ ቡሎኖች የሁለቱ ጥርስ ስለተላጠም በውፍረት የሚመሳሰሉ ሁለት ቡሎኖች ከብረታ ብረት ሱቅ ገዝተው እንዲያመጡ ነግሯቸዋል። ጠያቂያችን ማወቅ የሚፈልጉት አገጣጠሙ በምን ቅደም ተከተል መሆን እንዳለበት፣ የሱቁ ቡሎን ይሆን እንደሆነ፣ አላይመንቱስ በእርግጥ የቀረውን ያስተካክል እንደሆነ ነው።

ወንድሜ፣ መኪናዋ ገና ሳትገጠም መጠየቅዎ መልካም ነው፤ አሁን ማረም የግማሽ ቀን ሥራ ሲሆን በኋላ ግን እንደገና ማውረድን ይጠይቃል። ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ አላይመንት ያለቦታው የገባ ሰብፍሬምን አያስተካክልም። ይህን በደንብ ማስረዳት የምፈልገው ምክንያቱን የተረዳ ባለቤት መካኒኩን ሳያስቀይም ሥራውን በትክክል ማሠራት ስለሚችል ነው።

ሰብፍሬም፣ በየጋራዡ ክሮስ የሚባለው፣ ሁለቱን ሎወር አርሞች፣ የመሪ ሳጥኑን፣ መኪናዋ ኩርባ ላይ እንዳታዘነብል የሚይዘውን ስታቢላይዘርና የሞተሩን የኋላ መያዣ በአንድ ላይ የሚሸከም ብረት ነው። የፊት ጎማዎቹ የታችኛው እግር ያለው ሰብፍሬሙ ላይ ነው፤ የላይኛው ጫፋቸው ደግሞ በሾክ አብዞርበሩ በኩል ከቦዲው ጋር ታስሯል። ስለዚህ ሰብፍሬሙ ከቦዲው አንጻር በጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ቢገባ የአንዱ ጎማ ግርጌ ወደ ውጭ ይገፋል፣ የሌላው ደግሞ በዚያው መጠን ወደ ውስጥ ይሳባል። 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ቀኝ ቢያፈነግጥ የእያንዳንዱ ጎማ ካምበር፣ ማለትም ጎማው ከፊት ሲታይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዘነብልበት መጠን፣ ወደ ግማሽ ዲግሪ የሚጠጋ ለውጥ ያመጣል፤ ለውጡ በሁለቱ ጎማዎች ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሆነ በመካከላቸው የሚፈጠረው ልዩነት ወደ አንድ ዲግሪ ይደርሳል፤ መኪናዋም መሪ ሲለቁላት ወደ ግራ መሳብ ትጀምራለች። ሰብፍሬሙ ወደ ጎን ሳይሆን ዞር ብሎ፣ ማለትም አንዱ ወገኑ ቀድሞ ሌላው ወደ ኋላ ቀርቶ ከገባ ደግሞ የሚበላሸው ካስተሩ፣ ማለትም መሪ ሲዞር ጎማው የሚዞርበት መስመር ከጎን ሲታይ ያለው ዝንባሌ ነው፤ ያን ጊዜ መሪው በአንድ በኩል ከታጠፈ በኋላ በራሱ በደንብ አይመለስም። የአላይመንት ባለሙያው በእርስዎ መኪና ፊት ላይ እንደ ልቡ ሊያስተካክል የሚችለው የጎማዎቹን መግጠምና መክፈት፣ ማለትም ቶ የሚባለውን ብቻ ነው። እሱን አስተካክሎ ይሰጥዎታል፤ ጎማውም ለጊዜው ቶሎ አይበላም። ካምበሩና ካስተሩ ግን ሰብፍሬሙ በተቀመጠበት ይቀራሉ።

ስለዚህ ቦታው የሚወሰነው አሁን፣ በገጠማው ወቅት ነው።

ወደ ገጠማው ከመግባቴ በፊት አንድ ጉዳይ አለ፤ የተገዛው ሰብፍሬም ያገለገለ ነው፣ ከየት መኪና እንደወረደም አናውቅም። ገና መሬት ላይ ሳለ ደረቅ ጭቃውንና ዘይቱን በብሩሽ አስጠርገው በሜትር ያስለኩት። ከቦዲው ጋር የሚታሰርባቸውን ቀዳዳዎች በሰያፍ፣ ከግራ ፊት እስከ ቀኝ ኋላ፣ ከዚያም ከቀኝ ፊት እስከ ግራ ኋላ ይለኩ። ሁለቱ ልኮች እኩል መሆን አለባቸው፤ ከ2 ሚሊ ሜትር ያለፈ ልዩነት ካገኙ ሰብፍሬሙ ራሱ ተመትቶ ያውቃልና ለሻጩ ይመልሱት። ቀዳዳዎቹ ክብ መሆናቸውን፣ ሎወር አርሙ የሚገባበት ጆሮ አለመከፈቱን፣ የብየዳ መስመሮቹም አለመሰንጠቃቸውን ያስተያዩ። ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ራሱን የሚያሳየው በብየዳው ዳር ቀለሙ በቀጭን መስመር ተነሥቶ ውስጡ ዝገት ሲታይ ነው። ብየዳው አዲስ ሆኖ በላዩ ቀለም የተቀባ ሰብፍሬም አልመክርም፤ ይህ ብረት የመሪና የፍሬን ጭነት የሚያርፍበት ነውና።

ያው ሰያፍ ልኬት በቦዲው ላይም ይደገም። ሰብፍሬምን ያጣመመ ድንጋይ እሱ የታሰረበትን የቦዲ ሻንሲ ሳይነካ አልፏል ብሎ ማመን አይቻልም። እንደ እኔ እምነት ትልቁ ምርመራ ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይዘለላል። ሰብፍሬሙ ደህና ሆኖ ሳለ ቀዳዳው ከቀዳዳው አልገጥምም ካለ፣ በፌሮ ጎትቶና ገፍቶ ማስገባት ችግሩን ቆልፎ መሰወር ነው። ያን ጊዜ መኪናዋ የቦዲ መሳቢያ ወዳለበት ጋራዥ መሄድ አለባት፤ ገጠማው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አሁን ወደ ቡሎኑ እንመለስ። የሱቁን ቡሎን አይግዙ። በጃፓን መኪኖች ላይ በብዛት የሚገኘው 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቡሎን ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 1.25 ሚሊ ሜትር ነው። በብረታ ብረት ሱቅ፣ ለበርና ለጣሪያ ሥራ የሚሸጠው 12 ቁጥር ቡሎን ግን የጥርሱ ርቀት 1.75 ነው። በዓይን ሲታዩ ይመሳሰላሉ። በእጅ ሲገባ አንድ ሁለት ዙር ይሄድና ይነክሳል፤ በዚያ ሰዓት «ዝገት ነው» ብሎ በኤር ጋን የገፋው ሰው በቦዲው ውስጥ የተበየደውን ዳዶ ጥርስ ይፈጨዋል። ዳዶው ያለው በተዘጋ ብረት ውስጥ ስለሆነ አንዴ ከተበላሸ ወይም ከብየዳው ተነቅሎ ባዶውን መሽከርከር ከጀመረ ቦዲውን ቆርጦ ከመግባት በቀር ሌላ መንገድ የለም። የሁለት ቡሎን ዋጋ ለማዳን ተብሎ የቦዲ ሥራ ውስጥ የሚገባው እንዲህ ነው።

ሁለተኛው ነገር ጥንካሬው ነው። ደረጃው የታወቀ ቡሎን ራሱ ላይ ቁጥር ይጻፍበታል። 8.8 የሚል ከሆነ በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር እስከ 800 ኒውተን ጉተታ ይችላል ማለት ነው፤ ተስቦ መመለስ የማይችልበት ደረጃ ላይ የሚደርሰው ደግሞ በዚህ 80 በመቶ ላይ፣ ማለትም በ640 ኒውተን ነው። 10.9 ከዚያም ይበልጣል። ለተራ ሥራ የሚሸጡት 4.6 ወይም 4.8 የሆኑት ግን መነሻቸው 400 ብቻ ነው። ቶዮታ በራሱ ምልክት ስለሚጠቀም በአሮጌው ቡሎንዎ ራስ ላይ እነዚህን ቁጥሮች ላያገኙ ይችላሉ። ይህ እንዳያሳስብዎት፤ በሻንሲ ቁጥርዎ ኦሪጅናሉን ማዘዝ፣ ወይም ሰብፍሬሙን የሸጠልዎ ሰው አብረው የወረዱትን ቡሎኖች እንዲሰጥዎ መጠየቅ ይበቃል። ሻጮች ቡሎኑን ለብቻው ማስቀመጥ ስለማይለምዱ ቶሎ ቢሄዱ ይሻላል።

ደህና የሚመስሉትንም አሮጌ ቡሎኖች ይፈትኑ። ጥርሱን በቤንዚንና በብሩሽ አጽድተው ከትክክለኛ ዳዶ ጋር በጣት ብቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያስገቡት። መሀል ላይ የሚይዝ ከሆነ፣ ወይም አንገቱ አካባቢ ሲያዩት ከሌላው ቀጠን ካለ፣ ቀድሞ በዝቶበት ተስቧልና አይመለስ። በቦዲው ውስጥ ያሉት ዳዶዎችም 12 በ1.25 በሆነ የጥርስ ማውጫ ቀስ ተብሎ ይጠረጉ፤ የደሴ ጭቃ እዚያ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል። ከተጠረገ በኋላ ጥርሱ ላይ ዘይትም ሆነ ግራሶ አይቀባ፤ መመሪያው የተለየ ነገር ካላለ በቀር የማጥበቂያ ልክ የሚሰጠው ለንጹሕና ደረቅ ጥርስ ነው። በተቀባ ጥርስ ላይ ያው የመፍቻ ጉልበት ቡሎኑን ከልኩ በላይ ይስበዋል።

ወደ ገጠማው ስንገባ የመጀመሪያው ሥራ ከመሪው ጋር ነው። የባትሪው ኔጌቲቭ ሽቦ ይፈታ፤ የኤር ባግ ሥርዓት ስላለ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠበቅ። ከዚያ የመሪው ክብ ቀጥ ብሎ ተቆልፎ ወይም በቀበቶ ታስሮ ይቀመጥ። የመሪ ሳጥኑ ከመሪው ዘንግ ተለያይቶ ሳለ መሪውን እንዲሁ ማዞር ከሥሩ ያለውን የኤር ባግና የጥሩንባ ጥቅል ሽቦ ይበጥሰዋል። የመሪ ሳጥኑንም በእጅ ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው ዳር አዙረው ዙሩን ይቁጠሩና በትክክል በግማሹ ላይ ያቁሙት። ዘንጉ ከሳጥኑ ጋር ሲገናኝ የሚይዘው ቡሎን በሳጥኑ ዘንግ ላይ በተፈለፈለው ቦይ ውስጥ ማለፍ አለበት። ቡሎኑ በጣት ካልገባ ዘንጉ እስከ መጨረሻው አልገባም ማለት ነውና በመዶሻ እንዳይመቱት። በሥራው ሁሉ ውስጥ የሰው ሕይወት በቀጥታ የተንጠለጠለበት ቡሎን ይህ ነው፤ መካኒኩ ከጨረሰ በኋላ እርስዎ ራስዎ በባትሪ መብራት አይተው ያረጋግጡት።

መኪናዋ መደገፍ ያለባት በጎኗ ሥር ባሉት የመደገፊያ ቦታዎች ላይ በብረት መቆሚያ ነው፤ በክሪክ ብቻ ተይዛ ማንም ሰው ከሥሯ አይግባ። የሞተሩ የኋላ መያዣ ስለተፈታም ሞተሩ ከላይ በሰንሰለት ወይም በማንጠልጠያ ብረት መያዝ አለበት። ሰብፍሬሙ በሁለት ክሪክ፣ በመሀል ጣውላ ተደርጎ፣ ሁለቱም ወገን እኩል እየተነሣ ይወጣል። ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች ሲቀር ቆም ይበሉና በዙሪያው እጅዎን ያሳልፉ። የፍሬን ጎማ ቱቦ፣ የኤ ቢ ኤስ ሽቦ፣ የጭስ ማውጫው ሴንሰር ሽቦ፣ አንዱ እንኳ በሰብፍሬሙና በቦዲው መሀል ተጨፍልቆ ከቀረ የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ማንም ከዚህ ሥራ ጋር አያያይዘውም።

ቡሎኖቹ ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ መጀመሪያ በጣት ይግቡ። በጣት ጥቂት ዙር ያልሄደ ቡሎን በመፍቻ አይነካ። አንዱን አጥብቆ ሌላውን መፈለግ ሰብፍሬሙን ወደ አንድ ወገን ስለሚቆልፈው የመጨረሻው ቡሎን ሁልጊዜ ቀዳዳውን ያጣል፤ ፌሮ የሚመጣው ያኔ ነው። ሁሉም ከገቡ በኋላ ሰብፍሬሙ ቦዲውን ነክቶ፣ ነገር ግን በጎማ መዶሻ ቀስ ብለው ሲመቱት የሚንቀሳቀስ ያህል ብቻ ይያዙ።

እዚህ ላይ ይቆዩ፤ የሥራው ልብ እዚህ ነው። በቡሎኑና በቀዳዳው መካከል ሆን ተብሎ የተተወ ክፍተት አለ፤ ያ ክፍተት ነው ሰብፍሬሙ እንዲያፈነግጥ የሚፈቅደው። በብዙ መኪኖች ሰብፍሬምና ቦዲ ላይ ቡሎን የማይገባባቸው፣ ለማስተካከያ ብቻ የተበሱ ትይዩ ክብ ቀዳዳዎች አሉ። በልካቸው የተቀረጸ ለስላሳ የብረት ዘንግ በሁለቱም ውስጥ አልፎ ሳይጎረብጥ ሲንሸራተት ሰብፍሬሙ ቦታውን ይዟል፤ ቡሎኖቹም ዘንጉ በውስጡ እንዳለ ይጠብቃሉ። እነዚህ ካልተገኙ የቦዲውን አሮጌ ምልክት ያንብቡ። አሮጌው ሰብፍሬም ለዓመታት በተቀመጠበት ቦታ ብረቱ ጥርት ብሎ ያበራል፣ ዙሪያው ደግሞ በአቧራና በዝገት ጠቁሮ ስለት ያለው ጠርዝ ይሠራል። አዲሱ ሰብፍሬም ያንን ጠርዝ በሁለቱም በኩል እኩል መሸፈን አለበት፤ በአንድ በኩል የሚያበራ ጨረቃ መሰል ቅርጽ ብቅ ካለ ሰብፍሬሙ በዚያ ልክ ወደ ሌላው ወገን ሄዷል። ነገር ግን በእርስዎ መኪና ላይ በግራ በኩል ያለው ምልክት በግጭቱ ጊዜ የተንሸራተተ ሊሆን ስለሚችል በሜትር ያረጋግጡት። ከእያንዳንዱ ሎወር አርም የፊት ቡሎን ተነሥተው በቦዲው የኋላ ክፍል እስካለ፣ በግራና በቀኝ እኩል ቦታ ላይ እስከሚገኝ ቀዳዳ በቀጥታም በሰያፍም ይለኩ። ግራና ቀኙ በ2 ሚሊ ሜትር ውስጥ እስኪገናኝ በጎማ መዶሻ ይምቱ፣ እንደገና ይለኩ። አሰልቺ ነው፤ ሆኖም ቀጥ ብላ የምትሄድ መኪና የምትገኘው ከዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ የሰብፍሬሙ ቡሎኖች በሰያፍ ቅደም ተከተል፣ በአንዴ ሳይሆን በሁለት ሦስት ደረጃ፣ በመጨረሻም የማጥበቂያውን ጉልበት በሚለካ ቶርክ መፍቻ ይጠብቃሉ። የእያንዳንዱን ቡሎን ልክ በመኪናዎ ሞዴል ኮድ ከወጣው የጥገና መመሪያ ይውሰዱ፤ ከሌላ ሞዴል የተወሰደ ቁጥር አይጠቀሙ። ኤር ጋን ለመፍታት ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ለማጥበቅ ግን ስንት ላይ እንደቆመ አይናገርም። ቶርክ መፍቻ ጋራዡ ከሌለው ከሌላ ጋራዥ ማስዋስ ይገባል፤ ከጠፋም ቢያንስ ሒሳቡን ይወቁት። 100 ኒውተን ሜትር ማለት በግማሽ ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ ወደ 20 ኪሎ የሚሆን ክብደት መስቀል ማለት ነው። አንድ ጎልማሳ አንድ ሜትር ቱቦ ጨምሮ በሙሉ ክብደቱ ሲጫን ከዚህ ምን ያህል እጥፍ እንደሚያልፍ ያስቡት።

ሞተሩ የኋላ መያዣው ቡሎን ሳይጠብቅ በእጅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ተወዝውዞ በራሱ ክብደት ይቀመጥ፤ ከዚያ ይጠብቅ። ይህ ካልሆነ መያዣው ተወጥሮ ስለሚቀር ማርሽ ገብቶ መኪናዋ ስትቆም ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል።

ሎወር አርሞቹ ላይ ነው ከመካኒክዎ ጋር በግልጽ የማልስማማው። በሎወር አርሙ መጋጠሚያ ውስጥ ያለው ጎሚኒ በሁለት የብረት ቀለበቶች መካከል ተጋግሮ የተጣበቀ ጎማ ነው። ቡሎኑ ሲጠብቅ የውስጡ ቀለበት ከሰብፍሬሙ ጋር አንድ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ አርሙ ሲወጣና ሲወርድ የሚሽከረከር ነገር የለም፣ የሚጠመዘዘው ጎማው ብቻ ነው። መኪናዋ ተሰቅላ አርሙ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ ለጎማው «ዕረፍት» የሚሆነው ያ የተንጠለጠለበት ቦታ ነው። መኪናዋ ወደ መሬት ስትወርድ ጎማው ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ቆማ ስታድር እንኳ ይወጠራል። ጉድጓድ ስትገባ ከዚያ በላይ ይጠመዘዝና በጥቂት ወራት ውስጥ ከቀለበቱ ጋር የተጣበቀበት ይቀደዳል። መኪናዋም ፊቷ ከልኩ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀራል፣ ጉዞዋ ይደርቃል። ባለቤቱ ያኔ «ጎሚኒው ኦሪጅናል አይደለም» ይላል፤ ጎሚኒው ግን ጥፋት አልነበረበትም።

ስለዚህ ተሰቅላ ሳለች የሎወር አርሙ ቡሎኖች ይግቡ፣ ዳዶውም ይነካ፣ ነገር ግን አይጠብቅ። ሌላው ሁሉ ተገጥሞ ጎማዎቹ ከገቡ በኋላ መኪናዋ በጋራዡ ጉድጓድ ላይ ወይም በአራት ጠንካራና እኩል መቆሚያዎች ላይ በጎማዎቿ ትቁም፤ ፊቷን ጥቂት ጊዜ ጫን ለቀቅ አድርገው ያወዛውዟት፤ ከዚያ ከሥር ገብቶ በቶርክ መፍቻ ማጥበቅ ነው። ጉድጓድ ከሌለ ሌላው መንገድ ሎወር አርሙን ከጎማው ጋር በሚያገናኘው ባል ጆይንት ሥር ክሪክ አስገብቶ፣ የመኪናዋ ክብደት ከመቆሚያው ላይ ሊነሣ ሲል ቆም አድርጎ በዚያ ከፍታ ማጥበቅ ነው። የስታቢላይዘሩ ሊንኮችም ሁለቱ ጎማዎች እኩል ከፍታ ላይ ሳሉ ነው የሚጠብቁት።

ስለ ባል ጆይንቱና የመሪ ሳጥኑን ከጎማው ጋር ስለሚያገናኘው ቴስቲኒ ጥቂት ልጨምር። ሾጣጣው ዘንግና የሚገባበት ቀዳዳ ንጹሕና ደረቅ ይሁኑ፤ የሚይዛቸው መጣበቁ ነውና ግራሶ አይንካቸው። ዳዶው በልኩ ከጠበቀ በኋላ የመቆለፊያ ሽቦው ቀዳዳ ካልተገጣጠመ ወደ ፊት ጨምረው ያግኙት እንጂ መልሰው አይፍቱት፤ ሽቦውም ሁልጊዜ አዲስ ይሁን። ዳዶው ሲዞር ዘንጉ አብሮ ከዞረ ከሥሩ በክሪክ ጫን ቢያደርጉት ይይዛል። ጎማውን የሚያሽከረክረው ዘንግ፣ የሰሚያሱ፣ ዳዶ በልኩ ሳይጠብቅ ደግሞ መኪናዋን በጎማዎቿ ላይ አታሳርፏት፣ አትግፏትም፤ የጎማው ኩሽኔታ ያለዚያ ዳዶ ጭነቱን ሲሸከም ይጎዳል። ከአሮጌው ዳዶ ይልቅ አዲሱ ይመረጣል፤ ከንፈሩ ወደ ዘንጉ ቦይ ተመትቶ የሚቆለፍ ከሆነም መመታቱ አይረሳ። የጎማዎቹ ዳዶዎች በኮከብ ቅርጽ በ103 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ።

መኪናዋ ከመንቀሳቀሷ በፊት የፍሬን ፔዳሉን ጠንካራ እስኪሆን ደጋግመው ይርገጡት። ካሊፐሩ ተነሥቶ ከነበረ ፒስተኑ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላልና የመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያውን ሙከራ በሐረጎ ቁልቁለት እንዳያደርጉ አደራ እላለሁ። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ባለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ይወረዳል፤ በዚያ ቁልቁለት በተደጋጋሚ ፍሬን ሲያዝ የፊት ጎማዎቹ ወደ ኋላ የሚገፉትን ኃይል ሁሉ ሎወር አርሞቹ ወደ ሰብፍሬሙ፣ ሰብፍሬሙም ወደ እነዚያ ቡሎኖች ያሳልፉታል። በአንጻሩ ጥሩ መፈተኛ የሚሆንዎት የከተማው ኮብልስቶን ነው። በዝግታ፣ መስታወት ከፍተው፣ ሬዲዮ ዘግተው ይንዱ፤ ባዶ ቦታ ላይም በሁለቱም በኩል መሪውን እስከ መጨረሻ አዙረው ይመለሱ። ፍሬን ሲይዙና ሲለቁ አንዲት ነጠላ «ኳ» የሚል ድምፅ ከሰሙ ሰብፍሬሙ ወይም የሎወር አርሙ ቡሎን እየተንሸራተተ ነውና ወዲያውኑ ይመለሱ። በጉድጓድ ላይ ብቻ የሚሰማ ቀላል መንኳኳት ብዙ ጊዜ ከስታቢላይዘር ሊንክ ነው። መሪው ከታጠፈ በኋላ በራሱ መመለስ ካቃተው ወይ ካስተሩ ጎድሏል፣ ወይ የመሪው ዘንግ ተጨንቆ ገብቷል።

ጥቂት ቀን ከነዱ በኋላ ቡሎኖቹን በዚያው ልክ በተዘጋጀ ቶርክ መፍቻ ያስፈትሹ። መፍቻው ሳይንቀሳቀስ ድምፁን ከሰጠ በቂ ነው፤ «ለማንኛውም ትንሽ ልጨምርበት» የሚለው ልማድ ቡሎኑን ይስበዋል እንጂ አያጠነክረውም።

አላይመንቱ ከዚህ በኋላ ይምጣ፣ የጎማው አየር በልኩ ተሞልቶ፣ መሪውም ቀጥ ብሎ ተይዞ። ቶው ሲስተካከል ሁለቱም ቴስቲኒዎች እኩል መዞር አለባቸው፤ በአንዱ በኩል ብቻ ከተዞረ ጎማዎቹ ቀጥ ይሉና መሪው ግን ተጣሞ ይቀራል። ባለሙያው የማሽኑን ውጤት በወረቀት አትሞ እንዲሰጥዎ ይጠይቁት፤ ከቶው ይልቅ የሁለቱን ጎማዎች ካምበርና ካስተር ይመልከቱ። በአንዱ ጎማ ካምበሩ የጨመረውን ያህል በሌላው ከቀነሰ ሰብፍሬሙ ወደ ጎን ሄዷል፤ ቡሎኖቹ ላላ ብለው በመዶሻ ተገፍቶ ይታረማል፣ ቶውም እንደገና ይስተካከላል። የአንዱ ጎማ ብቻ ተበላሽቶ የሌላው ልኩን ከያዘ ግን ጥፋቱ ከሰብፍሬሙ አይደለም፤ በእርስዎ ሁኔታ ድንጋዩ በመታው በግራው በኩል ጎማው የሚታሰርበት ናክል፣ ሎወር አርሙ ወይም ሾክ አብዞርበሩ ተጣሞ ሊሆን ስለሚችል ሦስቱም ከቀኙ ጋር ጎን ለጎን ተደርገው ይለኩ።